በወግ መሰናበት



ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ቃል፣ በቃሉም አሳብቤ ስለ አንድ ልማዳችን ነው። ቃሉ «ስንብት» ነው። እንግዳ የተጋበዘበትን ቤት አመስግኖ ሲወጣ «ተሰናበተ» እንላለን፤ ሠራተኛ ስሙ ከደመወዝ መዝገብ ሲሰረዝም «ተሰናበተ» እንላለን። የመጀመሪያው በፈቃዱ ወጣ፣ ሁለተኛው ምናልባት ተገፍቶ ወጣ፤ ቃሉ ግን ያው ነው። «መልቀቂያ» የሚለውም እንዲሁ ባለ ሁለት ፊት ነው። ሠራተኛው ጽፎ የሚያስገባው መልቀቂያ ይባላል፤ መሥሪያ ቤቱ አጽፎ የሚሰጠውም መልቀቂያ ይባላል። አንዱ ሥራውን ይለቃል፤ ሌላው ሰውየውን ይለቃል። ቋንቋችን መለያየትን የአንድ ወገን ጉዳይ አድርጎ እንዳላየው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ልማዳችን ግን ከቋንቋችን ወደ ኋላ የቀረ ይመስለኛል። እገሌ ከሥራው በመልካም ተለያየ የምንለው ኬክ ሲቆረስለት፣ የእጅ ሰዓት ሲበረከትለት፣ አለቃው ብድግ ብሎ ሲያመሰግነው ነው። እነዚህን አልጠላም፤ ሽኝት ደስ ይላል። ነገር ግን የመልካም ስንብት መለኪያ አድርጌ አልቀበላቸውም። በእኔ አስተያየት ሰው በወግ መሰናበቱ የሚታወቀው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ በእሱ ወንበር ላይ አዲስ የተቀመጠው ሰው መሳቢያውን ሲከፍት በሚያገኘው ነገር ይታወቃል። ስለዚህ ከስንብት በፊት ርክክብ መምጣት አለበት እላለሁ።

አበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለዋል። በዚህ ተረት ውስጥ ሥራ ማዕድ ነው፤ መሻር ደግሞ ማዕዱ መነሣቱ ነው። ያልጠገበው ይቆጨዋል፣ የጠገበው አፉን ጠርጎ ይሄዳል። ከእነሱ ኋላ ስለሚመጣው ሰው ግን ተረቱ አንዲት ቃል አይተነፍስም። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚለው ንግግራችን ትንሽ ይሻላል፤ ቢያንስ ወጪቱ ለሌላ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። እሱም ቢሆን የሚከለክለው መስበርን ነው፤ አጥቦ ስለ ማስረከብ አያነሣም። በተረቶቻችን መካከል «ተረካቢ» የሚባለው ሰው ቦታ ያጣ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ከጅግጅጋ ነው። በባንክ ሥራ መጀመሪያ ቶጎ ውጫሌ፣ ኋላም እዚሁ ጅግጅጋ ዘጠኝ ዓመት አሳልፌአለሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ካስገባሁ አሥራ አንድ ቀን ሆኖኛል። ተጣልቼ አይደለም፤ እናቴ በዕድሜ ስለገፋች ወደ ድሬዳዋ መመለስ ግድ ሆነብኝ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ በሙያችን ብርቅ አይደለም። የግል ባንኮች እንዲቋቋሙ ከተፈቀደበት ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች በዝተዋል፤ በየከተማው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ይከፈታል። እዚህም መቀመጫውን ጅግጅጋ ያደረገው ሸበሌ ባንክ ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋምነት ወደ ባንክነት አድጓል። አዲስ ቅርንጫፍ በተከፈተ ቁጥር የነባሩ ቅርንጫፍ አንድ ወንበር ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በእኛ ሙያ የስንብት ጉዳይ የቅንጦት ወሬ አይደለም፤ በየወሩ የሚገጥመን ነገር ነው።

ሕጉ ለዚህ አጥንት አበጅቶለታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። አሠሪው በበኩሉ የሠራተኛውን ደመወዝና ተያያዥ ክፍያዎች ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፍል፣ እንዲሁም ሠራተኛው ይሠራ የነበረውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ይገደዳል። በዚህ ማስረጃ ላይ ምስጋና እንዲጻፍ ሕጉ አያዝም፤ ወቀሳም አይጠይቅም። ሦስት እውነት ብቻ ይበቃዋል፦ ምን ሠራ፣ ስንት ዘመን ሠራ፣ ስንት ተከፈለው። አንድ ገጣሚ ወዳጄ ይህን ሲሰማ «የመቃብር ላይ ጽሑፍም ከዚህ ይረዝማል» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ማጠሩን ወደድኩት። ቀሪውን የሚሞላው ሠላሳው ቀን ነዋ!

ለመሆኑ ሠላሳው ቀን የማን ነው? ብዙዎቻችን የአሠሪው ይመስለናል፤ አንዳንዶቻችን እንደ ዕዳ እንቆጥረዋለን፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ በሻይ እረፍትና በስልክ እንገፋዋለን። በእኔ እምነት ግን ገና ላልመጣው ሰው የተሰጠ ቀን ነው። ባንክ ቤት ይህ በግልጥ ይታያል። የካዝናው በር በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይከፈትም፤ ሁለት ሰዎች ቁልፉን ተካፍለው ይይዙታል። ከሁለቱ አንዱ ሲሄድ ገንዘቡ በሁለቱም ፊት ይቆጠራል፣ ጉድለትም ይሁን ትርፍ ይመዘገባል፣ ሰጪም ተቀባይም ይፈርማሉ። ጉድለት ብቻ ሳይሆን ትርፍም ጥፋት ተደርጎ የሚጻፍበት ሥራ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ከልክ ያለፈው ገንዘብ የአንድ ደንበኛ ሐቅ ሊሆን ይችላልና ደስ አያሰኝም።

ሌላም ነገር አለ። ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛ ሲቀጠር ዋስ ጥራ ይባላል። የእኔ ዋስ አጎቴ ናቸው። እነሆ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊርማቸው በግል ማኅደሬ ውስጥ ተቀምጦ አብሮኝ ሲያገለግል ኖሯል። ክሊራንሱ ተፈርሞ ሲያበቃ ነጻ የምወጣው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እሳቸውም ይወጣሉ። ከሥራው በቁጣ ተነሥቶ ሳያስረክብ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው፦ እሱ ሲሄድ ዋሱ እዚያው ይቀራል።

በክሊራንሱ ቅጽ ላይ መስመር ያልተሰመረለት ርክክብም አለ። በእኛ አካባቢ የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ሲጠራ እንኳ ሁለትና ሦስት ሰው «አቤት» ሊል ይችላል። ሶማሌዎች ሰውን ከሰው የሚለዩት ብዙ ጊዜ «ናናይስ» በሚሉት ቅጽል ስም ነው። ረጅሙ፣ ግራኙ፣ ጥርሰ ፍንጭቱ እያሉ ይጠራሉ። ይህ ከየትኛውም የኮምፒውተር መዝገብ ቀድሞ ከፋዩ አእምሮ ውስጥ ያድራል። እኔ ስሄድ አብሮኝ ከሄደ በማግስቱ የአንዱ ሐዋላ ለሌላው ሲከፈል ጠብ ይነሣል። እንዲሁም የግመል ወተት ሸጠው ያገኙትን ይዘው የሚመጡ፣ በአውራ ጣታቸው የሚፈርሙ፣ እንደ አገሩ ወግ «ኤዶ» ብዬ የምጠራቸው እናቶች አሉ። ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡት ባንኩን አምነው ነው ብንልም፣ እነሱ የሚያውቁት ባንክ በመስኮቱ በኩል የሚያዩት ፊት ነው። ያ ፊት ሲለወጥ አንድ ሰው «ኤዶ፣ ከእንግዲህ እሱ ነው፤ እንደ እኔ እመኚው» ብሎ ሊያገናኛቸው ይገባል። ይህን የሚያዝ መመሪያ አላየሁም፤ የሠላሳውን ቀን ግማሽ የሚፈጀው ግን ይኸው ነው።

ትንሹን ወንበር በትልቁ ወንበር አስተያይቼ እንዳይ ፍቀዱልኝ፤ የአንድ አገር የስንብት ባህል ጎልቶ የሚታየው ከላይ ነውና። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነካቢኔያቸው ሥራ ለቀቁ። መልቀቃቸው ግን መለቀቅ አልሆነላቸውም፤ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ወንበር መልቀቅ የሞት ደጅ መስሎ ቢታይ ማን ይፈርዳል? በሌላው ጫፍ ደግሞ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አሉ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. በኬንያ በኩል ወደ ዚምባብዌ ሲሄዱ አብዛኛው ሕዝብም ወታደርም መሄዳቸውን የሰማው ከሄዱ በኋላ ነው። በሰባተኛው ቀን አዲስ አበባ በኢሕአዴግ ሠራዊት እጅ ገባች። የመጀመሪያው ታሪክ ለቃቂውን የሚለቅ ሲጠፋ የሚሆነውን ያሳያል፤ ሁለተኛው ለቃቂው ሳያስረክብ ሲሄድ የሚሆነውን ያሳያል።

ከእነዚህ በኋላ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. የሆነውን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ የመፍትሔው አካል ለመሆን ሲሉ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ ለሕዝብ አስታወቁ። አስታውቀውም ወዲያው ከቢሮ አልወጡም፤ ተተኪያቸው ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ በሥራቸው ላይ ቆዩ። ቀኑን ቆጠርኩት፤ አርባ ስድስት ቀን ነው። ከአዋጁ ሠላሳ ቀን በአሥራ ስድስት ይበልጣል! ከዚያም በአገራቸው፣ በሕዝቡ መካከል፣ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው መኖር ቻሉ። ይህ ማለት የአስተዳደር ዘመናቸው ሁሉ ተመሰገነ ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን በየአደባባዩ የፈሰሰው ደም በመልቀቂያ ደብዳቤ አይታጠብም፤ በማግስቱም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። እኔ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ አወጣጣቸው። ወንበሩ ሳይሰበር ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ።

የእኛ ከተማ በዚያው ዓመት ያየችው ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ በተነሣው ሁከት ሰዎች ተገደሉ፣ ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ አብዲ መሐመድ ዑመር ከሥልጣን የወረዱት በዚያው ትርምስ መካከል ነው። በነሐሴ ወር አቶ ሙስጠፌ ሙሁመድ ሲተኳቸው አዲሱ አስተዳደር የተረከበው የተሰበረ መዝጊያና የተሰበረ ልብ ነበር። የጅግጅጋ ሰው፣ ሶማሌውም ከመሃል አገር የመጣውም፣ ያንን ለመጠገን ብዙ ደክሟል። በሰላም ያልተላለፈ ወንበር ዕዳው የሚቆጠረው በጎረቤት ደጃፍ መሆኑን የምናውቀው ስለዚህ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቶጎ ውጫሌ ማዶ፣ በሐርጌሳ፣ በ2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የተሸነፉት ዳሂር ሪያሌ ካሂን ወንበሩን ለአሸናፊው ለአህመድ ሲላንዮ በሰላም አስረከቡ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሙሴ ቢሂ አብዲ ተሸንፈው ለአብዲራህማን ሞሐመድ አብዱላሂ አስረከቡ። ከድንበሩ ወዲህ የሚሻገረው ጨርቃ ጨርቅና ኤሌክትሮኒክስ ብቻ መሆን የለበትም፤ እንዲህ ያለው ወግም ቀረጥ ሳይከፈልበት ቢገባ ማንም አይከሰስም።

«ይህ ሁሉ ለተመቸው ሰው ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የተበደለ፣ ዕድገቱን የተነፈገ፣ የተሰደበ ሠራተኛ ለምን በወግ ይሰናበታል? በሩን በርግዶ ቢወጣ ምን አለበት? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በደልን ዋጥ አድርጎ ፈገግ ማለትንም መልካም ስንብት አልለውም። የተበደለ ሰው ይናገር፤ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ካስፈለገም ይክሰስ። እውነትን መናገር ከወግ አያስወጣም። የማልቀበለው የበደል ካሣ ከተረካቢው ሲጠየቅ ነው። ፋይሉን ደብቆ፣ ሒሳቡን አወናብዶ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሚሄድ ሰው አለቃውን የጎዳ ይመስለዋል። አለቃው ግን ማታ ቤቱ ይገባል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ወረቀት ሲያገላብጥ የሚያድረው ትናንት የተቀጠረው ልጅ ነው። መስኮቱ ላይ ቆማ የምትጉላላውም ወተት ሻጯ ናት። ክሱና ርክክቡ በየፋይላቸው ይቀመጡ።

ከዚህ የበለጠ ወቀሳ ያለብኝ ግን በሚለቁት ላይ ነው፤ ማለቴ በአሠሪዎች ላይ። ብዙ አለቃ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሲቀበል እንደ ተከዳ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ትናንት «ልጄ» ይለው የነበረውን ሠራተኛ ዛሬ በሰላምታ ያልፈዋል። በሌላ ከተማ፣ በስም በማልጠራው መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ አንድ ወዳጄ ሁሉን አስረክቦ ሳለ ክሊራንሱ ላይ የምትቀረውን አንዲት ፊርማ ፍለጋ ሁለት ወር ተመላልሷል። ፈራሚው አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን መስክ ወጥቷል፣ አንድ ቀን «ነገ ና» ነው። አዲሱ ቀጣሪ ታግሦ ታግሦ ሌላ ሰው ቀጠረ። ወዳጄ ሥራውን ለቅቆ ነበር፤ ሥራው ግን አልለቀቀውም። እንዲህ ያለ አሠሪ ለሌሎቹ ሠራተኞቹ የሚያስተምራቸው ትምህርት አንድ ብቻ ነው፦ «ስትሄዱ ሳትነግሩኝ ሂዱ።» ከዚያ በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፉብኝ ብሎ ማማረር አይችልም።

ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ስለሆናችሁ አንድ ነገር ለእኛው ለብዕር ሰዎች ልጨምር። በ1962 ዓ.ም. ከታተመው ከበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ወዲህ፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት ጀምሮ፣ በቢሮና በጥበብ መካከል የተወጠረ ሰው ለእኛ የታወቀ ገጸ ባሕርይ ነው። አበራ ወርቁን ያነበበ የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ በልቡ ትንሽ አበራ ነኝ ይላል። ቢሮው ወህኒ ቤት፣ መልቀቂያው የነጻነት አዋጅ ይመስለናል፤ ስለዚህም ደብዳቤያችንን በግጥም ቤት እየመታን፣ አለቃን በቅኔ እየሸነቆጥን መጻፍ ያምረናል። እኔ ይህን ደብዳቤ በአራት መስመር፣ ያለ አንድ ዘይቤ ጻፍኩት። ግጥሞቼን ሁሉ የጻፍኩት ያ ደመወዝ በገዛው ወረቀት ላይ ነው፤ ቶጎ ውጫሌ ላይ አቧራ እያራገፍኩ የቆጠርኩት ብር ቃልንም ቆጥሬ እንዳወጣ አስለምዶኛል። ባንኩ ጥበብን አልነፈገኝም፤ እኔም ሥራዬን በጥበብ ስም አልሰድበውም። ግጥም ለግጥም ቦታ፣ ደብዳቤም ለደብዳቤ ቦታ ይሁን።

ሶማሌዎች ሲለያዩ «ነበድ ገልዮ» ይባባላሉ። ወደ ሰላም ግባ እንደ ማለት ነው። የእኛ «ደህና ሁን»ና «ቸር ሰንብት» ባለበት ለሚቆይ ሰው የተበጁ ይመስላሉ፤ የእነሱ ስንብት ግን ተሰናባቹን ወደ አንድ ቦታ ያስገባዋል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከጅግጅጋ ከተማርኳቸው ቃላት ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። ሰው ከአንድ በር ሲወጣ ወደ ሌላ ይገባል፤ እሱ በወጣበትም ሌላ ሰው ይገባል። ሁለቱም ወደ ሰላም እንዲገቡ የመጀመሪያው እንዴት እንደ ወጣ ብዙ ይወስናል።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀረኛል። ለተተኪዬ ከደብተሩ ጋር አብራ የምትሰጥ ይህችን ግጥም ጽፌአለሁ፤ ለእናንተም ትድረሳችሁ።

ቁልፉን ተረከበኝ፣ ወንበሩ ይኸውልህ፣
ትርፍና ጉድለቱን፣ ጽፌ አኖርኩልህ።
ስሜን ብትረሳው፣ ግድ የለም ወንድሜ፣
በሩን ስትከፍት ነው፣ የሚጠራው ስሜ።
የወተቷ እናት፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ፣
ሄዷል በላትና፣ አደራዋን አድርስ።
እኔም በበኩሌ፣ በወጣሁበት በር፣
ቀና ብዬ ልለፍ፣ ለሰላምታ ስዞር።

ቸር ያሰንብተን!